በብስክሌቱና በሩጫው መሀል

ኢዲልን የወደድኳት ለእኔ ብላ የተናገረችውን አንድ ቃል እንኳ ሳልሰማ ነው። አራት ወር ሙሉ ተጻጻፍን፤ አንድም ቀን አልተነጋገርንም። ይህን ሳወራ የሚስቅ ሰው አለ። ይሳቅ። አጥር ተጋርቶ መኖርና መተዋወቅ አንድ የሚመስለው ሰው ነው የሚስቀው።

ፈይሰል እባላለሁ። የባቢሌ ልጅ ነኝ። በ2006 ዓ.ም. ጅጅጋ መናኸሪያው አካባቢ ባለች ጠባብ ሱቅ ሳይክል እጠግን ነበር። የምኖረው ከሐጂ ዐብዲፈታህ ቤት ጀርባ በተከራየኋት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነው። ሐጂ ከብትና ግመል በመኪና የሚያስጭን፣ በመንገድ ሲያልፍ በየሱቁ ደጃፍ የተቀመጠው ሁሉ ተነስቶ የሚጨብጠው ነጋዴ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ሳይክል ሥር ተጋድሜ ስለምውል ሰው የሚያውቀው ጫማዬን ነው። ፊቴን አስተውሎ ያየ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

በዚያ ከተማ ብቸኝነት የራሱ ሰዓት አለው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን ባለሱቁም፣ ባጃጅ ነጂውም፣ የቢሮ ሠራተኛውም ጫቱን ሸክፎ ከየጓደኛው ጋር ይቀመጣል። የሚቅም ሰው ወዳጅ አያጣም። እኔ የስፖርት ልምምድ ስለነበረብኝ አልቅምም። ስለዚህ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ጅጅጋ ውስጥ የሚፈልገኝ ሰው አልነበረም። አባቴ ሞቷል፣ ወንድም የለኝም፤ ያሉኝ ሁለት አጎቶች ደግሞ ከሄዱበት አገር ስልክ እንኳ ደውለው አያውቁም። በእነዚያ ሦስት ሰዓታት ውስጥ አንዳንድ ቀን የራሴን ድምፅ ለመስማት ስል ብቻ ከሳይክሌ ጋር አወራ ነበር።

ልምምዱን ያስያዘኝ ተክለማርያም ነው። ዩኒቨርሲቲ ስፖርት ያስተምራል፤ ሳይክሉን የሚያሠራው እኔ ጋ ነው። በሐረር መንገድ በኩል ባለ አንድ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ማለዳ ማለዳ ዋና አስተማረኝ። አንድ ቀን ሰኔ ላይ ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ሳይቋረጥ በአንድ ጊዜ የሚካሄድበት ውድድር እንደሚዘጋጅ ነገረኝ። አንደኛ የሚወጣው አዲስ አበባ ሄዶ ለአንድ ዓመት በነጻ አሠልጣኝነት ይማራል።

«ሦስት ስፖርት እንዳይመስልህ» አለኝ። «አራተኛው ሽግግሩ ነው። ከውሃ ወጥተህ ሳይክል ላይ እስክትቀመጥ፣ ከሳይክል ወርደህ መሮጥ እስክትጀምር ሰዓቱ አይቆምልህም። ስንቱ እግሩን ሲያሠለጥን ከርሞ እዚያ ላይ ሁለት ደቂቃ ይጥላል መሰለህ!»

እግሬም ሳንባዬም ከሚወዳደሩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አይበልጥም። ሳይክል መነካካት ግን እንጀራዬ ነው። እንግዲያው በአራተኛው አሸንፋለሁ አልኩ። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከተማው ጫቱ ላይ ሲመቸው፣ እኔ ከክፍሌ ደጃፍ አንድ ባልዲ ውሃ ራሴ ላይ ደፍቼ እየተንጠባጠብኩ ወደ ሳይክሌ እሮጥ ነበር። ሸሚዝ፣ ሄልሜት፣ ካልሲ፣ ጫማ። ከዚያ ሳይክሌን እየገፋሁ እስከ ግቢው በር። ከዚያ እንደገና።

በሦስተኛው ሳምንት የድሮ የውሃ ቱቦ ያልፍበት በነበረው የአጥር ቀዳዳ ውስጥ አንድ የተጠቀለለ ወረቀት አገኘሁ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«ጎረቤት፣ ውሃ በጋሪ እየተገዛ አንተ በየቀኑ አንድ ባልዲ ራስህ ላይ ትደፋለህ። አሞህ ከሆነ ንገረን፤ ነርስ ነኝ።»

ቀና ስል ከአጥሩ ወዲያ በፎቁ ሰገነት ላይ የተሰጣ ልብስ ብቻ ነበር። አንዱ አንሶላ ያለ ነፋስ ተነቃነቀ። ፊቴ ከነጆሮዬ ጋለ።

ማታ ስለ ውድድሩ በዝርዝር ጽፌ ቀዳዳው ውስጥ ከተትኩ። በማግስቱ መልስ መጣ።

«ካበድክ አይቀር በደንብ እበድ። ዛሬ የሕመምተኛ ትርታ በምቆጥርበት ሰዓቴ ያዝኩህ። ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ። ግማሹን የጨረስከው እርጥብ እግርህ ላይ ካልሲ ስትጎትት ነው። ካልሲ ምን ያደርግልሃል? ኢዲል።»

ኢዲል የሐጂ ልጅ ነበረች።

ሰዓቱ ሁለት ደቂቃ ከአሥር መሆኑን እንደ ውርደት ማየት ነበረብኝ። እኔ ግን ወረቀቱን ደረቴ ላይ አድርጌ ተኛሁ። በዚህ ዓለም ላይ እኔን ብሎ ሰከንድ የሚቆጥር አንድ ሰው ተገኘ ማለት ነው።

*

ከዚያ በኋላ የተጻጻፍነውን ሌላ ሰው ቢያነበው የፍቅር ደብዳቤ አይለውም።

«ሄልሜቱን መሬት ላይ ሳይሆን መሪው ላይ ገልብጠህ አስቀምጠው፤ ማሰሪያው ክፍት ይሁን። አጎንብሰህ ስታነሳ አራት ሰከንድ ይሄድብሃል።»

«የጫማህን ክር አውጥተህ ላስቲክ አስገባበት። ከእኛ ቤት የልብስ ስፌት የተረፈ አለ፤ ቀዳዳው ውስጥ ተመልከት።»

«ዛሬ ቸኮልክ። ስትቸኩል እጅህ ይንቀጠቀጥና ማሰሪያውን ሁለቴ ትስታለህ። ቀስ ያልክ ቀን ነው የምትፈጥነው። መርፌ መውጋት ስማር ለእኔም እንዲህ ብለውኛል።»

እኔም ሰዓቴን እጽፍላታለሁ። አንድ ደቂቃ ከአርባ። አንድ ደቂቃ ከሃያ። ጫማዬ ውስጥ የሕጻን ፓውደር ስለነሰነስኩ እግሬ በአንድ ግፊት ገባ። ሳይክሉን ዳገት በሚያስጀምረው ጊር ላይ አድርጌ አቆምኩት። ከዚህ ሌላ አልጽፍም። የምንጽፈው በአማርኛ ነው። እኔ በሶማልኛ መገበያየት እንጂ የልቤን መናገር አልችልም፤ እሷም የእናቴን ቋንቋ አታውቅም። ሁለታችንም በትምህርት ቤት ያገኘነውን ቋንቋ ይዘን አጥሩ ጋ እንገናኝ ነበር። ለነገሩ ቋንቋ ሰበብ ነው። ፈሪ ነበርኩ፤ የሐጂ ዐብዲፈታህን ልጅ «እወድሻለሁ» ብሎ ለመጻፍ የሚበቃ ነገር እጄ ላይ አልነበረኝም። ሰከንድ ግን ነበረኝ።

አንዴ ብቻ ዓይን ለዓይን ተያየን። ከሱቄ ፊት ለፊት ባጃጅ ቆማ ውስጧ ሦስት ሴቶች ተቀምጠዋል። ዳር ያለችው በሰማያዊ ሻርፕ የተሸፈነች ልጅ አየችኝ፤ ሳትስቅ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ የእጅ ሰዓቷን በጣቷ ሁለቴ መታ መታ አደረገች። ባጃጇ ሄደች። እኔ በእጄ የያዝኩትን የፍሬን ሽቦ የት ልሰካው እንደነበር ጠፍቶኝ ቆሜ ቀረሁ። ለአንድ ሳምንት ያህል ምግብ ሳልበላ እንደጠገብኩ ነበር የከረምኩት።

ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ፣ ቀዳዳው ውስጥ የመጣው ወረቀት ሰዓት አልነበረበትም።

«ፈይሰል፣ ከደገሀቡር ዋበሪ የሚባል ነጋዴ ለእኔ ሽማግሌ ልኳል። ሰውየው ክፉ አይደለም። አባቴም አላስገደደኝም። እሁድ ከዐስር ሶላት በኋላ መልስሽን ንገሪኝ ብሎኛል። ምን ልበለው?»

ሦስት ወረቀት ጽፌ ቀደድኩ። አንደኛው ላይ «እምቢ በይው» ብዬ ነበር። ሁለተኛው ላይ «እወድሻለሁ» ብዬ ነበር። ሦስተኛው ላይ ሁለቱም ነበሩበት። ከዚያ የቆርቆሮ ክፍሌን ዙሪያዋን አየሁ፤ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ባልዲ፣ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ጎማ። በዚህ ላይ ቁጭ ብዬ የዋበሪን ሽማግሌዎች መልሱ እላለሁ እንዴ? መጀመሪያ ላሸንፍ አልኩ። አዲስ አበባ ልማር፣ ሰው ልሁን፣ ከዚያ አፌን እከፍታለሁ።

አራተኛውን ወረቀት ላክሁት። «ዛሬ አርባ ስምንት ሰከንድ ገባሁ። እሁድ ካሸነፍኩ ሁሉም ነገር ይስተካከላል።»

ዓርብ መልስ አልነበረም። ቅዳሜም አልነበረም። ማታ ማታ ክንዴን እስከ ክርኔ ቀዳዳው ውስጥ ከትቼ ዳበስኩ፤ የነካሁት አቧራና የሸረሪት ድር ብቻ ነበር። ሰገነቱ ላይ ልብሱን የምታነሳው ሠራተኛዋ ሆናለች። ምን እንዳጠፋሁ አውቄው ነበር፤ የማስተካክልበት ወኔ ግን አጣሁ።

*

እሁድ ጠዋት ነፋሱ ቀድሞን ተነስቷል። ጅጅጋ ሰኔ ላይ ነፋስ የሌለበት ቀን ከተገኘ ይወራለታል። ሳይክሎቻችን ከሆቴሉ በር ውጭ በገመድ በታጠረ ሜዳ ላይ ተደርድረዋል። ከገመዱ ወዲያ ሕዝቡ ወንዱ በአንድ በኩል፣ ሴቱ በሌላ በኩል ቆሟል። ለእንግዶች ዳስ ተሠርቶ ሐጂ ዐብዲፈታህ ፊት ለፊት ተቀምጧል።

ተክለማርያም ዋና ዳኛ ነበር። በአንገቱ ፊሽካ አንጠልጥሎ ሕጉን ለመጨረሻ ጊዜ ነገረን።

«በሽግግር ቦታ ከውድድሩ ውጭ ካለ ሰው እጅ ምንም ነገር የተቀበለ ውጭ ነው። ዘመድ ይሁን፣ ጓደኛ ይሁን፤ ውሃ ቢሆንም እንኳ! የወደቀባችሁን ራሳችሁ ከመሬት አንሱ። ወንድሜን አላውቅም፣ ተማሪዬን አላውቅም፤ አስወጣለሁ።»

ይህን ሕግ በቃሌ ነበር የማውቀው። አንድ ወር ሙሉ በሕልሜ እንኳ «ከመሬት፣ ከመሬት» እያልኩ ነበር። ለኢዲል ሁሉንም ጽፌላታለሁ፤ የላስቲኩን፣ የፓውደሩን፣ የጊሩን። ይህችን አንዷን ግን አልጻፍኩላትም። እሷ ትመጣለች ብዬ መቼ አሰብኩ?

ከገንዳው በአራተኛነት ወጣሁ። ዋና አይሆንልኝም። በበሩ ሮጬ ወደ ሳይክሌ ስደርስ ግን እጆቼ ሳላዛቸው ሥራቸውን ጀመሩ። የዋና መነጽሩ ወለቀ። ቁጥሬ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘበትን ሸሚዝ አጠለቅኩ። ሸሚዙ እርጥብ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ሲያስቸግረኝ ሳብ አደረግኩት፤ ቁልፎቹ ተከፈቱና ቁጥሬ ተገነጠለ። ነፋሱ ብድግ አድርጎ ገመዱ ሥር ወሰደው።

ሄልሜቴን እያሰርኩ ተከትዬው ሮጥኩ። ሴቶቹ በቆሙበት በኩል አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ገመዱን አልፋ ገባች። ቁጥሩን አነሳችና ክንዷን ዘርግታ ሰጠችኝ። ሰማያዊ ሻርፕ አድርጋለች።

ይህን የማያውቅ አንባቢ እንዲገባው ልንገረው። የሐጂ ዐብዲፈታህ ልጅ፣ ሽማግሌ የተላከባት ልጅ፣ አባቷ፣ ዘመዶቿና ግማሽ ከተማ እያየ፣ ገመድ አልፋ ዘመዷ ላልሆነ ወንድ በእጇ ነገር ስትሰጥ፣ ለሽማግሌዎቹ መልሷን በአደባባይ ሰጠች ማለት ነው። ሦስት ቀን ስትጠብቀኝ ከርማ አፌን አልከፍት ስላት እሷ ቀደመችኝ።

እኔስ ምን አደረግኩ? አንድ ወር ሙሉ ያስተማርኩት አፌ ጮኸ።

«ጣይው! መሬት ላይ ጣይው!»

ጣቶቿ ተከፈቱ። ቁጥሩ እግሯ ሥር ወደቀ። እኔ ጎንበስ ብዬ አነሳሁት፣ ፊቷን ሳላይ ዞርኩ፣ ሳይክሌን ያዝኩ። ከኋላዬ የወንዶቹ ሳቅ ተሰማኝ። አንዱ «ዋርያ! አንተ ልጅ፣ ምን አድርጋህ ነው?» ብሎ ጮኸ። ሌላው ሳቀ። ሳይክሌ ላይ ዘልዬ ወጣሁ፤ ሦስቱን እዚያው ቀደምኳቸው። ከተለማመድኩት ሁሉ የፈጠነ ሽግግር ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

*

ከሆቴሉ እስከ ካራማራ ተራራ ሥር ያለው መንገድ አሥር ኪሎ ሜትር ነው። ደርሰን እንመለሳለን። ከፊቴ ማንም የለም፤ ከኋላዬ የሚከተለኝ ሰባት ቁጥር የለበሰ ተማሪም በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር እያነሰ ሄደ። ሜዳው ግራና ቀኝ ክፍት ነው። ነፋሱ ከፊት ይገፋኛል። ከርቀት አንድ ሰው ግመሎቹን ይዞ ያልፋል፤ እሱም ቀና ብሎ አላየኝም።

ለማንም ማስረዳት የማልችልበት ቦታ ላይ ነበር የማስረዳው። «ሕግ ነው እኮ፤ ከእጅሽ ከተቀበልኩ ያስወጡኛል። ላሸንፍ ብዬ ነው፤ ማሸነፉ ለአንቺ ነው» እላለሁ ጮክ ብዬ። ነፋሱ ከአፌ ይወስደዋል። ካራማራ ሥር ስዞር አንድ ነገር ገባኝ። እየተመለስኩ የምነግራትን ሁሉ ሐሙስ ማታ ልነግራት እችል ነበር። የዚያን ጊዜ ምንም ሕግ አልከለከለኝም። ወረቀትም ነበረኝ፣ ቀዳዳውም ክፍት ነበር።

ተመልሼ ስመጣ ሜዳው ከሩቅ ታየኝ። ሴቶቹ የቆሙበት ቦታ ክፍት ሆኗል። ሁሉም ወደ ዳሱ በኩል ሸሽተው ተጠጋግተዋል። ገመዱ ጋ አንዲት ሰማያዊ ነገር ብቻዋን ቆማለች።

አልሄደችም። ተስቆባት፣ ዘመዶቿ ርቀዋት፣ ፀሐዩ ላይ ቆማ ቀርታለች። የውሃ ጠርሙስ በሁለት እጇ ይዛለች። ከዚያ በፊት የብቸኝነት ባለሙያ እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ከመውረጃው መስመር በፊት ከሳይክሌ ወረድኩ። ሳይክሌን አቆምኩ፣ ሄልሜቴን ፈታሁ፣ የሩጫ ጫማዬን በአንድ ግፊት አጠለቅኩ። ተክለማርያም ከጠረጴዛው ማዶ ክንዱን እያወናጨፈ፣ «ውጣ ፈይሰል! ሁለት ደቂቃ ተኩል ቀድመሃል! ውጣ!» አለኝ። አምስት ኪሎ ሜትር ሩጫ ብቻ ነው የቀረኝ። እየተራመድኩም ቢሆን የማሸንፍ መሰለኝ።

ወደ መውጫው ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ከዚያ ዞርኩና ወደ ገመዱ መጣሁ።

«ኢዲል» አልኳት። ስሟን በድምፅ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ሩጫው በዚያ በኩል ነው» አለችኝ።

ድምፅዋ ካሰብኩት ወፈር ያለ፣ ትንሽ የተሰነጠቀ ነበር። ለአራት ወር በራሴ ውስጥ ያናገርኳት ሴት ድምፅ አልነበረም፤ ይሄኛው በለጠብኝ።

«ሕግ ነው» አልኳት። «ከሰው እጅ ከተቀበልኩ ከውድድር ያስወጡኛል። ለዚያ ነው የጮህኩት። አልነገርኩሽም ነበር…»

«አውቄያለሁ። አንተ ስትሄድ ዳኛውን ጠየቅኩት።» ዓይኗ ቀልቷል፤ አላለቀሰችም። «ስለ ሕጉ አይደለም የምጠይቅህ። ስለ ሐሙስ ነው። ምን ልበለው ብዬ ብጽፍልህ አርባ ስምንት ሰከንድ አልከኝ። ወላሂ ሦስት ጊዜ አገላብጬ አነበብኩት፤ ከጀርባው የተጻፈ ነገር ይኖር ይሆን ብዬ።»

«ፈራሁ።»

«ማንን?»

«ሁሉንም። አባትሽን። ያቺን ክፍሌን። አንቺን ራስሽን።» ወደ ገመዱ ይበልጥ ተጠጋሁ። «እምቢ በይው፣ ኢዲል። እወድሻለሁ። ሐሙስም እወድሽ ነበር። ያን የባልዲውን ወረቀት የጻፍሽልኝ ቀንም እወድሽ ነበር። እምቢ በይው።»

  ዳሱ ውስጥ አባቷ ከመቀመጫው ተነስቶ ቆሟል።

ቀስ ብላ ጎንበስ አለችና የውሃ ጠርሙሱን በእኔና በእሷ መሀል መሬት ላይ አስቀመጠችው። «ከንፈርህ ደርቋል» አለች። «ከመሬት አንስተህ ጠጣ፤ ሕጉ ይፈቅድልሃል። ከዚያ ሩጥና አሸንፍ። እኔ የምፈልገውን ሰምቻለሁ።»

አየሁት ጠርሙሱን። ማንሳት ነው፣ መሮጥ ነው፣ አዲስ አበባ ነው። እሷም ፈቅዳልኛለች። ግን ግማሽ ከተማ የሰማው «መሬት ላይ ጣይው» ያልኩትን ነው። እኔ ማንም የማያውቀኝ ሰው ነኝ፤ እሷን ግን ነገ በየገበያው «ያ ሳይክል ጠጋኝ መሬት ላይ ያስጣላት» እያሉ ሊጠሯት ነው። የእኔ ማሸነፍ ያንን አያጥበውም።

አላጎነበስኩም። እጄን ዘረጋሁ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለች።

«ከእጅሽ ስጪኝ።»

«ያስወጡሃል እኮ!»

«አውቃለሁ።»

በዚህ መሀል ባለ ሰባት ቁጥሩ ተማሪ ደረሰ። ሳይክሉን ወርውሮ ጫማውን እየታገለ አሰረ፤ ክር ያለው ጫማ ነበር፣ እጁ እየተንቀጠቀጠበት ብዙ ቆየ። እኔ እጄን እንደዘረጋሁ ቆምኩ። እሱም በመገረም እያየኝ ሮጦ ወጣ።

«ቀደመህ» አለች። አሁን እንባዋ ወረደ።

«ይቅደመኝ።»

ጎንበስ ብላ ጠርሙሱን አነሳችው። አቧራውን በሻርፗ ጫፍ ጠረገችለት። እጄ ላይ ስታስቀምጠው ጣቶቿ ጣቶቼን ነኩ፤ ቀዝቃዛ ነበሩ። ወዲያው አልሰበሰበቻቸውም። ፊሽካው ጮኸ።

ተክለማርያም መጣ። ፊቱን ማየት አልቻልኩም። ያን ሰው ስንት ማለዳ ከእንቅልፉ ቀስቅሼዋለሁ! «ቁጥር አሥራ ሁለት፣ ከውድድር ውጭ» አለ በደረቁ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጠጣ እንግዲህ» አለኝ። ጠጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ውሃ ጠጥቼ አላውቅም።

*

ሐጂ ዐብዲፈታህ ከዳሱ ወጥቶ በቀስታ ወደ እኛ መጣ። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት። እኔ ፊት ቆሞ ከጫማዬ ጀምሮ እስከ ራሴ ድረስ አየኝ።

«አንተ ከጀርባችን የተከራየኸው አይደለህም?»

«ነኝ ሐጂ።»

«ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«አሥራ አራት ወር።»

«አሥራ አራት ወር።» ራሱን ነቀነቀ። «አሥራ አራት ወር በበሬ ስታልፍ አንገትህን ደፍተህ ነው። አንድ ቀን ሰላምታህን አልሰማሁም። ሌባ ነው እንዳልል ምንም አልጠፋብኝም። ዛሬ በሰው ፊት ልጄን ስታናግር ነው ድምፅህን የሰማሁት።»

 እውነቱን ነበር። ይንቀኛል ብዬ ስፈራው ከርሜ፣ ለካ ሰላም ያላልኩት እኔ ነኝ።

ወደ ልጁ ዞሮ በሶማልኛ አጭር ነገር ጠየቃት። ገባኝ። «መልስሽ ይሄ ነው?» ነበር ያላት። ኢዲል ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ፣ ግን በማያወላውል ድምፅ፣ «ሃ» አለች። አዎ ማለት ነው።

 ሐጂ ወደ እኔ ተመለሰ።

«ለዋበሪ ሽማግሌዎች ዛሬ መልስ እሰጣለሁ። ለአንተ ግን ዛሬ የምሰጥህ መልስ የለም፤ አልጠየቅከኝም። የዋበሪ ሽማግሌዎች አሥራ አንድ ነበሩ። አንተ የምትልከው ሰው ማን ነው?»

ዙሪያዬን አየሁ። አባት የለም፣ ወንድም የለም። ከእነማን ጋር ተቀምጬ አውቃለሁ? አሥራ አራት ወር ውስጥ ለእኔ ብሎ አንድ ቃል የሚናገርልኝ ሰው አላፈራሁም። ያ ሁሉ ሕዝብ እየሰማ ማለት የነበረብኝን አልኩ።

«የምልከው ሰው የለኝም፣ ሐጂ።»

«አንድም?»

«አንድም።»

ሐጂ ከዘራውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን ያዘነልኝ ይመስላል፤ ያ ደግሞ ከቁጣው የባሰ አመመኝ።

«እንግዲያው ራስህ ና» አለ። «ነገ ከዐስር ሶላት በኋላ። በፊት ለፊቱ በር።»

ልጁን ይዞ ሄደ። ኢዲል ከኋላው ተከተለችው። ሴቶቹ አንድ በአንድ ተጠጓት፤ አንዷ ሻርፗን አስተካከለችላት። ወደ እኔ አልዞረችም፤ በሰው ፊት ከሚፈቀድላት በላይ አስቀድማ ዞራለች።

ሕዝቡ ወደ ማጠናቀቂያው መስመር ጎረፈ። ባለ ሰባት ቁጥሩ ሲገባ ጩኸቱ ከሩቅ ተሰማኝ። አዲስ አበባ የእሱ ሆነ። እኔ በገመዱ መሀል ከቆሙት ሳይክሎች ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ደስታዬ ሊያፍነኝ ደርሶ የምነግረው ሰው ፈለግኩ፤ ማንም አልነበረም። ነገ የማንኳኳው በር ብቻ ነው ያለኝ፤ እሱም ጋ ስደርስ ከጎኔ የሚቆምልኝ የለም።

ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«አሰላሙ ዐለይኩም ሐጂ» አልኩ፣ ለባዶው ሜዳ። «ፈይሰል እባላለሁ።»

ድምፄ መሀል ላይ ተሰበረ። ፊቴን በእርጥቡ ሸሚዜ ጠርጌ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።